የደረቀ ኩሬ ነዋሪ

በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ ስለ ኩሬ ኤሊ የተፈጥሮ ታሪክ የተደረገ ንግግር




ዛሬ ስለ አንዲት እንስሳ እንድናገር ፈቅዳችሁልኛል። እንስሳዋ እንደ ዋልያ ወይም እንደ ቀይ ቀበሮ ስሟ የገነነ አይደለም፤ ጎብኚ አይናፍቃትም፣ አዳኝም አያሳድዳትም። መኖሪያዋ በዝናብ ወራት የሚሞላና በድርቅ ወራት የሚነጥፍ ተራ ኩሬ ነው፤ ይኸውም ከብት የሚጠጣበት፣ ልጆች የሚንቦጫረቁበት፣ ሴቶች እንስራና ጀሪካን የሚሞሉበት ያው ቡናማ ውሃ ነው። ይህችን እንስሳ በዚህ ንግግር «የኩሬ ኤሊ» እላታለሁ፤ የሳይንስ ሰዎች ፔሎሜዱሳ ብለው ሰይመዋታል።

ስለ እርሷ ለመናገር የተነሣሁት እንስሳዋን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን ኩሬ የሚነድፍ መሐንዲስ አለ፤ ከብት የሚያክም ሐኪም አለ፤ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ባለሙያ አለ፤ ባዮሎጂ የሚያስተምር መምህር አለ። ሁላችንም ከኩሬ ጋር የሥራ ዝምድና አለን። ኩሬን የምንቆፍረው፣ ደለሉን የምናስጠርገው፣ ዳርቻውን የምንገነባው ግን ውሃው ሲነጥፍ ነው። በሥራ መዝገባችን ላይ የደረቀ ኩሬ ማለት ባዶ ኩሬ ማለት ነው። የኩሬ ኤሊ ሕይወት የሚያስተምረን ትልቁ ነገር ይህ አስተሳሰብ መታረም ያለበት መሆኑን ነው። የደረቀ ኩሬ ባዶ አይደለም።

ነገሩን ከመሠረቱ ለመጀመር ያህል፣ በዓለም ላይ የሚገኙት ኤሊዎች ሁሉ በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። የአንደኛው ወገን ኤሊዎች አንገታቸውን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ በመሳብ ራሳቸውን በቅርፊታቸው ውስጥ ይሸሽጋሉ። በየዱሩ የምናያት የየብስ ኤሊ ከዚህ ወገን ናት። የሁለተኛው ወገን ኤሊዎች ግን አንገታቸውን ወደ ጎን አጥፈው ከቅርፊቱ ጠርዝ ሥር ያስጠጉታል እንጂ ወደ ውስጥ መሳብ አይችሉም። የኩሬ ኤሊ ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናት። የወገኗ አባሎች ዛሬ በአብዛኛው የሚኖሩት በአፍሪካ፣ በማዳጋስካር፣ በደቡብ አሜሪካና በአውስትራሊያ ነው። እርሷ ራሷ ከሰሐራ በስተ ደቡብ ባለው የአፍሪካ ምድር በሰፊው ተሠራጭታ ትገኛለች፤ ቀይ ባሕርን ተሻግራም በደቡብ ምዕራብ ዓረቢያ ትኖራለች። በአገራችን ቤቷ ቆላው ነው።

መጠኗ ትንሽ ነው። የጀርባ ቅርፊቷ ርዝመት ብዙውን ጊዜ ከ20 ሴንቲ ሜትር እምብዛም አይርቅም፤ አልፎ አልፎ ግን 30 ሴንቲ ሜትር የሚያልፉ ትልልቆች ይገኛሉ። ቅርፊቷ ጠፍጣፋ ነው፤ ቀለሙም ቡናማ ወይም የወይራ ፍሬ የመሰለ በመሆኑ ከጭቃው ለመለየት ያስቸግራል። ከአገጯ ሥር እንደ ጢም የተንጠለጠሉ ሁለት ትንንሽ ሥጋዎች አሉ። በእያንዳንዱ እግሯ ላይ አምስት አምስት ጥፍር ይታያል። ሰው ሲይዛት ከቅርፊቷ ጠርዝ አጠገብ ካሉት ዕጢዎች የሚከረፋ ፈሳሽ ታወጣለች።

በአካሏ ላይ ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን የሌላት ነገር ነው። የቅርብ ዘመዶቿ የሆኑት ፔሉሲዮስ የሚባሉት የአፍሪካ ኤሊዎች የሆድ ቅርፊታቸው የፊት ክፍል ማጠፊያ ስላለው፣ አደጋ ሲመጣ እንደ በር ከፍ አድርገው ራሳቸውንና የፊት እግሮቻቸውን ይዘጉበታል። የኩሬ ኤሊ እንዲህ ያለ መዝጊያ የላትም። አዞ በሚበዛበት ትልቅ ወንዝ ውስጥ ይህ ከባድ ጉድለት ነው። ሊቃውንት እርሷ ከትላልቅ ወንዞች ይልቅ አልፎ ሂያጅ ኩሬዎችን የመምረጧን ነገር ከዚሁ ጋር ያያይዙታል። አዞ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ ውሃ ይፈልጋል፤ ትላልቅ ዓሦችም እንደዚሁ። ለጥቂት ወራት ብቻ የሚሞላ ኩሬ ለእነርሱ ቤት አይሆንም። ስለዚህ የውሃው መድረቅ ለሌላው እንስሳ መርዶ ቢሆንም፣ ለኩሬ ኤሊ ከጠላትና ከተፎካካሪ የሚጠብቅ አጥር ነው። በታችኛው ኦሞና በቱርካና ሐይቅ ከሚኖረው፣ ቅርፊቱ ልስልስ ከሆነውና ርዝመቱ እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ከሚደርሰው የናይል ኤሊ ጋር ስናነጻጽራት ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። እርሱ የዘላቂ ውሃ ነዋሪ ነው፤ እርሷ ግን የሚመጣና የሚሄድ ውሃ ነዋሪ ናት።

እንግዲህ ውሃው ሲሄድ ምን ታደርጋለች? የኩሬው ውሃ እየጎደለ ሲሄድ ኤሊዋ በሁለት መንገድ ራሷን ታድናለች። አንደኛው ወደ ሌላ ውሃ በእግር መጓዝ ነው። ለዚህ ጉዞ ዝናባማ ቀንን ትመርጣለች፤ በመጀመሪያው ዝናብ ወቅት ኤሊዎች መንገድ ሲያቋርጡ የሚታዩትም ስለዚህ ነው። ሁለተኛው በያለችበት መቀበር ነው። በጥፍሮቿ ለስላሳውን ጭቃ እየቆፈረች ትገባለች፤ ወይም ከኩሬው ወጥታ በዳርቻው አፈርና በደረቀ ቅጠል ሥር ትሸሸጋለች። ከዚያ በኋላ ጭቃው ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል፣ ከብትም ይረግጠዋል። እርሷ ከበታቹ ናት። እንቅስቃሴዋን ታቆማለች፤ የሰውነቷ የኃይል ፍጆታ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ቀደም ብላ ባከማቸችው ስብ ትቆያለች። ዝናቡ መጥቶ መሬቱ ሲርስ ተነሥታ ትወጣለች። ትናንት አቧራ የነበረው ጉድጓድ ዛሬ ኤሊ ሲታይበት፣ ሰው ከሰማይ የወረደች ቢመስለው አያስደንቅም፤ እርሷ ግን ከቤቷ ፈቀቅ አላለችም ነበር።

የስሟም ትርጉም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ጀርመናዊው ቫግለር «ፔሎሜዱሳ» የሚለውን ስም ሲያወጣ የቃሉን መነሻ የወሰደው ጭቃ ማለት ከሆነው «ፔሎስ» ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

የደረቀ ኩሬ ባዶ አለመሆኑን ሞያችን ጨርሶ አያውቅም ማለት አይደለም። የጤና ባለሙያዎች ከአንድ ጎጂ ፍጥረት ይህንን ከተማሩ ቆይተዋል። የሽንት ቧንቧ ብልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቡሊነስ የተባሉት ቀንድ አውጣዎች ውሃው ሲነጥፍ በጭቃው ውስጥ ሆነው ቀጣዩን ዝናብ ሊጠብቁ ይችላሉ። በሽታው በአዋሽና በዋቢ ሸበሌ ሸለቆዎች የሚታወቅ ነው። ስለሆነም ኩሬው ደርቋልና ቀንድ አውጣው አልቋል ብሎ የሚዘግብ የጤና ባለሙያ የለም። ለጎጂው ፍጥረት የሰጠነውን ይህን ጥንቃቄ ጉዳት ለሌላት ኤሊ የምንነፍግበት ምክንያት አይታየኝም።

ኩሬው ሲሞላ ኤሊዋ ለመብላት የምትቸኩለው ጊዜዋ አጭር ስለሆነ ነው። የምትበላውም ብዙ ዓይነት ነው፤ የውሃ ነፍሳትን፣ ቀንድ አውጣን፣ እንቁራሪትንና እጮቿን፣ ትንንሽ ዓሣን፣ የውሃ ተክልን ትመገባለች። የሞተ እንስሳ ውሃ ውስጥ ሲገኝም ብዙ ሆነው ተሰብስበው በጥፍራቸው እየቦጨቁ ይበሉታል። ከብት በሚጠጣበት ውሃ ውስጥ ይህ የጽዳት ሥራ ቀላል አይደለም። ከዚህም አልፎ ሁለት የሚያስገርሙ ልማዶች ተመዝግበውላታል። ውሃ ለመጠጣት ወደ ዳር የምትጠጋውን እርግብ ከሥር አድብታ ይዛ ወደ ውሃው ትስባታለች። በደቡባዊው የአፍሪካ ክፍል ደግሞ ውሃ ውስጥ ከሚተኙ አውራሪሶችና ጎሾች ገላ ላይ መዥገር እየለቀመች ስትበላ ታይታለች። መዥገር ለአርብቶ አደሩና ለእንስሳት ሐኪሙ ምን ያህል ጠላት እንደሆነ ለዚህ ጉባኤ መናገር አያስፈልግም።

ወደ አረባቧ እንለፍ። እንስቷ እንቁላል የምትጥለው ከውሃ ውጭ ነው። ጠንካራውን መሬት ከሰውነቷ በምታወጣው ፈሳሽ እያራሰች በኋላ እግሮቿ አንገቱ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ የሆነ እንደ ጋን ያለ ጉድጓድ ትቆፍራለች። በአንድ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 የሚደርሱ እንቁላሎች ትጥላለች። የእንቁላሉ ቅርፊት እንደ ዶሮ እንቁላል የሚሰባበር ሳይሆን እንደ ብራና የሚለጠጥ ነው። ጉድጓዱን ደፍና ከሄደች በኋላ ተመልሳ አትጎበኘውም። ጫጩቶቹ ከ75 እስከ 90 በሚደርሱ ቀናት ውስጥ ይፈለፈላሉ፤ ርዝመታቸውም 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መሬቱ ደርቆ ከጠነከረ ዝናብ እስኪያለሰልሰው ድረስ ከጉድጓዱ ላይወጡ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚደንቀው የጾታቸው ነገር ነው። በሰውና በከብት ዘንድ ጽንሱ ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በሚወርሰው የዘር ቅንጣት ነው። በብዙ ኤሊዎች ዘንድ ግን ይህን የሚወስነው እንቁላሉ የተቀበረበት አፈር ሙቀት ነው። ሙቀት የተሳቢ እንስሳትን ጾታ ሊወስን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1966 ያስታወቀችው በአፍሪካ ምድር፣ በዳካር ከተማ፣ በአንድ የእንሽላሊት ዝርያ ላይ የተመራመረችው ማድሌን ሻርኒዬ ናት። ከእርሷ በኋላ በተደረጉት ጥናቶች የኩሬ ኤሊ ጠባይ ታወቀ። አፈሩ ቀዝቀዝ ሲል እንስቶች ይፈለፈላሉ፤ መካከለኛ ሲሆን ወንዶች ይበዛሉ፤ በጣም ሲሞቅ ደግሞ እንደገና እንስቶች ይሆናሉ። ከዚህ የምንረዳው የኩሬ ዳርቻ ጥላና ፀሐይ ተራ ነገር አለመሆኑን ነው። በዳርቻው ያለውን ቁጥቋጦ በሙሉ የመነጠረ ሰው የመሬቱን ሙቀት ለውጧል፤ ሳያውቀውም ስለሚመጣው ትውልድ ጾታ ወስኗል ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ስሟና ስለ ዝርያዋ ጥቂት ልበል፤ ጉዳዩ ከጥበቃ ሥራ ጋር በቀጥታ ይገናኛልና። እ.ኤ.አ. በ1789 ፈረንሳዊው ቦናቴር ይህችን ኤሊ ሲመዘግብ የናሙናው አገር ሕንድ እንደሆነ ተቆጥሮ ነበር። በ1835 የፍራንክፈርቱ ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል፣ በምፅዋ በኩል ገብቶ አገራችንን ከጎበኘ በኋላ፣ ከዚያው ከምፅዋ አካባቢ የተገኘችውን ኤሊ «ጌሃፊዬ» በሚል የዝርያ ስም አስተዋወቀ። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ከሰሐራ በታች ያሉት ሁሉ አንድ ዝርያ ናቸው ስላሉ የሩፔል ስም ለረጅም ዘመን ተዘንግቶ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2014 ፔትሶልድና ፍሪትስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የዘር ቅንጣትን በመመርመር አንድ ሲባል የኖረውን ወገን ወደ አሥር ዝርያዎች ከፈሉት። ስድስቱ ያን ጊዜ አዲስ ስም የወጣላቸው ሲሆኑ፣ የሩፔል «ጌሃፊዬ»ም ወደ ቀድሞ ማዕረጉ ተመለሰ።

ይህ የስም አወጣጥ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ኤሊዋ ከሴኔጋል እስከ ደቡብ አፍሪካ አንድ ዝርያ ነች በተባለ ጊዜ፣ በአንድ አካባቢ ብትጠፋ በሌላው ሞልታለች ተብሎ መጽናናት ይቻል ነበር። ዝርያዎቹ አሥር ከሆኑ ግን የእያንዳንዱ አገር ጠባብ ነው፤ በአንድ ቆላ የሚጠፋው በሌላ ቆላ ላይተካ ይችላል። ሌላም ትምህርት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የዘር ጥናት እንዳመለከተው፣ የማዳጋስካር የኩሬ ኤሊዎች ከደቡባዊ አፍሪካዎቹ የማይለዩ በመሆናቸው ባሕሩን የተሻገሩት በሰው እጅ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ኤሊን ከአንድ አውራጃ ኩሬ አንሥቶ ወደ ሌላ አውራጃ መውሰድ፣ ለደግነት የተደረገ እንኳ ቢሆን፣ ተፈጥሮ ለብዙ ዘመን ለይታ ያኖረችውን መደባለቅ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። በአንድ ጊዜ እስከ 30 እንቁላል የምትጥል እንስሳ በአንድ የደለል ጠረጋ ጥቂቶች ቢሞቱባት ምን ይጎዳታል? መልሱ በሒሳብ ይገኛል። ለምሳሌ ያህል አንዲት እንስት በየዓመቱ 20 እንቁላል ለአሥር ዓመት ብትጥል በድምሩ 200 ይሆናል። የኤሊዎቹ ቁጥር ሳይጨምርና ሳይቀንስ እንዲቀጥል ከተፈለገ ግን ከ200ው ለአካለ መጠን የሚደርሱት ሁለት ብቻ መሆን አለባቸው፤ እነርሱም እናትና አባታቸውን የሚተኩት ናቸው። የቀሩትን አርጃኖ፣ ቀበሮ፣ ወፍና ድርቅ ይወስዷቸዋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ያገራችን ሰው፤ የኤሊ እንቁላል ግን ከመቶ አንዱ ቢሄድ ነው። እንግዲህ ለአካለ መጠን የደረሰች አንዲት እንስት የብዙ እንቁላል መሥዋዕትነት ውጤት ናት። እርሷን መግደል አንድ ኤሊ መግደል ብቻ ሳይሆን ወደፊት የምትጥላቸውን እንቁላሎች ሁሉ መሠረዝ ነው።

ይህ ሒሳብ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። በአሜሪካ አገር፣ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚተዳደረው የጆርጅ ጥብቅ ሥፍራ፣ ከ1953 ጀምሮ ኤሊዎች እየተመዘገቡ ለአሥርተ ዓመታት ተጠንተዋል። ኮንግደንና ባልደረቦቹ በ1993 ባወጡት ጽሑፍ፣ ብላንዲንግ የተባለችው ኤሊ እንቁላል መጣል የምትጀምረው ከ14 እስከ 20 ዓመት ሲሆናት መሆኑን ገልጸው፣ ትልልቆቹና ታዳጊዎቹ ካልተጠበቁ በቀር እንቁላሉን ብቻ በመንከባከብ ዘሩን ማዳን እንደማይቻል አሳይተዋል። ያቺ የብርድ አገር ኤሊ ናት፤ የእድገቷም ፍጥነት ከእኛዋ ጋር አንድ አይደለም። የሒሳቡ አካሄድ ግን አንድ ነው። በጭቃው ውስጥ የተቀበሩት ደግሞ እንቁላሎቹ ሳይሆኑ እነዚያ ብርቅ የሆኑት ትልልቆቹ ናቸው። ቡልዶዘሩ የሚያገኘውም እነርሱኑ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

ኩሬ አይቆፈር፣ ደለልም አይጠረግ ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ እንዲሆን እወዳለሁ። በቆላው ውሃ ሕይወት ነው። ቦረናዎች «ሃሮ» የሚሉትን ኩሬ ደለሉን እየጠረጉ ማቆየታቸው ለከብታቸውም ለራሳቸውም ህልውና ነው፤ በሶማሌ ክልል በሲሚንቶ የተለበጠው «ቢርካ»ም ለብዙ ቤተሰብ የድርቅ ወራት ስንቅ ነው። ኤሊዋም ብትሆን ሰው በቆፈረው ኩሬ ትጠቀማለች። የምለው ሥራው የኤሊዋን ቤትነት አውቆ ይሠራ ነው። ለዚህም አምስት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በተቻለ መጠን ኩሬ በአንድ ጊዜ በሙሉ አይጠረግ። ዘንድሮ ግማሹ፣ ለከርሞ ግማሹ ቢጠረግ ኤሊዎቹ መጠጊያ አያጡም። ሥራው በአንድ ጊዜ ማለቅ ካለበትም፣ ማሽኑ ከመግባቱ በፊት ሠራተኞች ዳርቻውንና የመጨረሻው ውሃ የነጠፈበትን ዝቅተኛ ቦታ በአካፋ ይፈትሹ፤ የተገኙትን ኤሊዎችም በዚያው ኩሬ አጠገብ፣ ጥላ ባለበት በለሰለሰ አፈር ይቅበሩ።

ሁለተኛ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ቢርካ ወይም ኩሬ ሲነደፍ በአንድ ወገን ሸርተት ያለ መውጫ ይኑረው። በቀጥታ ግንብ ውስጥ የወደቀች ኤሊ መውጣት አትችልም። መውጫው ለወደቀ ግልገልና ለሕፃን ጭምር ነውና ወጪው ለኤሊ ብቻ የወጣ አይሆንም።

ሦስተኛ፣ ከኩሬው ዳር ጥቂት መሬት ሳይታረስና ሳይመነጠር ይተው፤ ከፊሉ ጥላ፣ ከፊሉ ፀሐይ ይሁን። እንቁላሉ የሚቀበረው እዚያ ነው።

አራተኛ፣ የእንስሳት ጤና ባልደረቦቻችን የመዥገር መድኃኒት የተረጨበትን ዕቃ በኩሬ ውስጥ ማጠብ እንዳይለመድ ያስተምሩ። ለመዥገር የታሰበው መርዝ ውሃውን ለሚጠጣው ሰውና ከብትም አይበጅም።

አምስተኛ፣ የአንድ አካባቢ ኩሬ ሲጠና የውሃ ነዋሪዎቹ ቆጠራ በደረቅ ወራት ብቻ አይደረግ። ኤሊዋ ራሷን የምትገልጠው በመጀመሪያው ዝናብ ሳምንት ነው። በየቆላው ያሉት መምህራን አባሎቻችን በዚያ ሳምንት ከተማሪዎቻቸው ጋር ወጥተው የታየችውን ኤሊ ፎቶግራፍ አንሥተው፣ የኩሬውን ስምና ቀኑን ጽፈው፣ ኤሊዋን ከነበረችበት ሳያንቀሳቅሱ ቢመዘግቡ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ማኅበራችን ማንም የሌለው መዝገብ ባለቤት ይሆናል።

ከእነዚህ ከአምስቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። የሚጠይቁት አንድ የአስተሳሰብ ለውጥ ነው፤ ይኸውም ዓይን ያላየውን ነገር የለም ብሎ ለመፈረም አለመቸኮል ነው። እኛ ባለሙያዎች በአንድ ጉድጓድ ላይ «ባዶ» ብለን ስንጽፍ ቃላችን በማሽን ይፈጸማል። ስለሆነም ከመጻፋችን በፊት የተሰነጠቀውን ጭቃ ከሥሩ ማን እንዳለ መጠየቅ የሞያችን ግዴታ ነው።